ለሰኔ 19 ማንን እንጋብዝ?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህርና የፀረ ሱስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሥር ጫት መሸጫዎች በዝተዋል፤ ሺሻ የሚጨስባቸው ክፍሎች አሉም ይባላል። ሰሞኑን ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ማስቲሽ ሲስቡ ተገኝተዋል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጥቂት ገንዘብ መድቦልናል። ከፊሎቹ ከሱስ የተላቀቀ ሰውና ፖሊስ ጋብዘን ሰኔ 19ን፣ ዓለም አቀፉን የፀረ ዕፅ ቀን፣ በድምቀት እናክብር ይላሉ። ሌሎቹ የተገኙት ልጆች ተባረው ሁሉም ተማሪ የሽንት ምርመራ ያድርግ ባይ ናቸው። የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ አስቸኳዩ የሁለቱ ልጆች ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ማስቲሽ ውስጥ ቶሉዪን የሚባል በቀላሉ የሚተን ኬሚካል አለ። ሲሳብ በሳንባ በኩል በሰከንዶች ውስጥ ወደ ደም ይገባል፤ አንጎልን ያደነዝዛል፣ ልብን ደግሞ ሰው ሲደነግጥ ለሚመነጨው አድሬናሊን ያለውን ትዕግሥት ያሳጣዋል። ልጁ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ድንገት ቢደነግጥ ወይም ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ቢሮጥ የልቡ ምት ሊዛባና እዚያው ሊሞት ይችላል። ይህ ለዓመታት በሳበ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በሞከረ ልጅም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዘበኛውም ሆነ ዩኒት ሊደሩ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥማቸው መጮህ፣ ማሯሯጥና መምታት የለባቸውም። በለሰለሰ ድምፅ የያዘውን ፕላስቲክ ይቀበሉት፤ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥተው ያስቀምጡት፤ እስኪረጋጋ ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ ይቆይ። አካባቢው ላይ ክብሪት አይጫር፤ ተኑ እሳት ይይዛል። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝተው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ምን እንደሳበም ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህን ለሠራተኞቻችሁ ነገውኑ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ ለሰኔ 19 የሚቆይ ነገር አይደለም።

ልጆቹ ይባረሩ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። አንድን ታዳጊ ከሱስ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለው ትስስር እንደሆነ የመስኩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስናባርረው ያንን ገመድ በገዛ እጃችን እንቆርጠዋለን። ከዚያ ቀኑን የት ይውላል? እርስዎ በጠቀሱት ሕንፃ ሥር ነው። ቅጣት አይኑር አላልኩም፤ ልጁ ደንብ እንደጣሰ ይወቅ፣ ወላጁም ይምጡ። ነገር ግን በሰልፍ ፊት አይቁም፣ ስሙም በድምፅ ማጉያ አይጠራ። ወላጁ ሲመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አጎደልኩብህ?» ከሆነ ልጁ ዝም ይላል። ከማን ጋር ነበርክ፣ መቼ ጀመርክ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ፣ ጠዋት ምን በልተህ ትመጣለህ ብሎ ረጋ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን ብዙ ይሰማል። የምግቡን ጥያቄ አይዝለሉት፤ ከማስቲሽ ጀርባ ብዙ ጊዜ ረሃብ አለ። ጉዳዩ ከአንድ ቀን ሙከራ ያለፈ ከመሰለዎ ወደ አቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ይላኩት። ከዚያ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ቤተሰቡ ጸበል እንወስደዋለን ካሉ አይከራከሯቸው፤ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ ይበሉ።

አሁን ወደ በዓሉ እንመለስ። ሰኔ 19 የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1987 የዕፅ አላግባብ አጠቃቀምንና ሕገ ወጥ ዝውውርን መዋጊያ ቀን አድርጎ የሰየመው ነው። በእኛ አገር ዓመቱ ሊያልቅ፣ ተማሪው ልቡ ፈተና ላይ ባለበት ወቅት ይውላል። ቀኑን የሰየመው ድርጅት የዕፅና የወንጀል ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ የመከላከል መስፈርት አወጣ፤ በ2018 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር አሻሻለው። በዚያ ሰነድ ውስጥ ውጤት እንደማያመጡ ወይም ጉዳት እንደሚያስከትሉ ከተዘረዘሩት መካከል ማስፈራራት፣ መረጃ መስጠት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት፣ የቀድሞ ተጠቃሚን ምስክርነት ለተማሪ ማቅረብ እና ትምህርቱን በፖሊስ ማሰጠት ይገኛሉ። የኅብረታችሁ ዕቅድ አራቱንም ይዟል ማለት ይቻላል።

ይህ ከሜዳ የመጣ ድምዳሜ አይደለም። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው «ዴር» የተባለ ፕሮግራም ዩኒፎርም የለበሱ ፖሊሶችን ወደ አሜሪካ ክፍሎች አስገብቶ ነበር። ወላጁ ወደደው፣ ፖሊሱ ወደደው፣ ፖለቲከኛው ወደደው። ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ለዓመታት ሲያነጻጽሩ ግን ዕፅ በመጠቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ልጆቹ ስለ ዕፅ የሚያውቁት ጨመረ፤ የሚያደርጉት አልተለወጠም።

ለምን? አንደኛው ምክንያት የማጋነን ዕዳ ነው። ተጋባዡ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጫት የቃመ ያብዳል» ይላል። ከፊቱ የተቀመጠው የ15 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም አጎት አለው። አጎቱ ሰኞ ሥራ ይገባል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ለእሱም ደብተር ይገዛለታል። ልጁ «ይህ ሰውዬ ይዋሻል» ይልና ጆሮውን ይዘጋል። ያው ተጋባዥ ቀጥሎ ስለ ትራማዶል የሚናገረው ደግሞ እውነት ነው፦ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ቢሆንም ከኦፒዮይድ፣ ማለትም ከእነሞርፊን ወገን ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ያንዘፈዝፋል፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ያንን ግን የሚሰማው የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ረቂቅ ነው፤ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለውም እሱን ነው። «ወጣቱ በሱስ አለቀ» እያልን በየመድረኩ ስንጮህ ለማይጠቀመው ልጅ የምንነግረው ሁሉም እንደሚጠቀምና እሱ ብቻ እንደቀረ ነው። እውነታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወንዶች በሕይወቴ ጫት ቅሜ አውቃለሁ ያሉት 27 በመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 12 በመቶ ናቸው። አብዛኛው ሰው አንድ ቀን እንኳ አልሞከረም። ስም የማይጻፍበት አጭር መጠይቅ ለተማሪዎቻችሁ ያስሞሉ፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ባለፈው ወር ተጠቅመሃል ወይ፣ ከክፍልህ ልጆች ስንቶቹ የተጠቀሙ ይመስልሃል። በብዙ አገሮች የሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው እጅግ በልጦ ተገኝቷል። በእናንተም ዘንድ እንዲሁ ከሆነ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። ከማንኛውም የራስ ቅል ሥዕል ይበልጥ ይሠራል።

ከሱስ ስለተላቀቀው ሰው ላስረዳ። ሰውየውን አክብሬዋለሁ፤ ታሪኩም እውነት ነው። ተማሪው ግን የሚያየው ሁሉን ሞክሮ፣ ከሁሉ ተርፎ፣ ማይክሮፎን ይዞ የሚጨበጨብለት ጀግና ነው። በእኔ ግምት ይህ ሰው ለወላጆች ስብሰባ ይጋበዝ። እናትና አባቱ ምን አይተው ምን እንዳላስተዋሉ፣ በየትኛው ቀን ምን ቢሉት ይሰማ እንደነበር፣ የት ሄዶ እንደታከመ ይንገራቸው። ወላጅ ከዚያ ታሪክ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ።

ለተማሪዎቹ ምን እንናገር ካሉ ጫትን ከእብደት ጋር ሳይሆን ከእንቅልፍ ጋር አያይዘው ይንገሯቸው። በቱሉ ዲምቱም ሆነ በለገጣፎ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ወደ ጫት የሚገባው ብዙ ጊዜ በጥናት በር ነው። ፈተና ሲደርስ ወላጆቹ በሌሉበት ቤት ይሰበሰባሉ፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ለስላሳና ኦቾሎኒ ይቀርባል፣ የፊዚክስ ደብተር መሐል ላይ ይዘረጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ ለአምፌታሚን የሚቀርብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ከአወዳይና ከወንዶ የሚነሡ መኪኖች ያን ያህል የሚከንፉት። ልጁ ሲመረቅን ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። ያላየው ምዕራፍ ሳይቀር ያወቀው ይመስለዋል። ከዚያ ሌሊቱን ዓይኑ እንደፈጠጠ ያድርና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሸለብ ያደርገዋል፤ 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። አንጎል ቀን የተማረውን አደራጅቶ የሚያስቀምጠው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውን ያስቀምጥ የነበረውን ሰዓት ራሱ በላው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰንሰለት ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉት ብቻ ይጠይቋቸው። ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ይመጣል፤ ቢራ ወይም አረቄ። በመሐሉ ሲጋራ አለ። በማግሥቱ ድብርት፣ ሲቆም ዱካክ የሚባለው አስጨናቂ ቅዠት፣ ያንን ለመሸሽ እንደገና ጫት። ብዙ ልጆች አልኮልን የጀመሩት መጠጥ ፈልገው ሳይሆን እንቅልፍ ፈልገው መሆኑን ሲረዱ ይገረማሉ። ይህን ትምህርት የሚሰጥ እንግዳ አያስፈልግም፤ የባዮሎጂ መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ጊዜው ግን ሰኔ ላይ ሳይሆን ከአጋማሹ ፈተና በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ ይሁን።

ዕውቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ ጫት መጥፎ መሆኑን እያወቀ እምቢ የሚልበት ቃል ያጣል። «እምቢ በሉ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የሚጋብዘው ደግሞ ባዕድ ነጋዴ ሳይሆን ትናንት ኳስ አብሮት የተጫወተ ጓደኛው ወይም የአክስቱ ልጅ ነው። የሚለውም ይታወቃል፦ «አንድ ቀን ነው፣ ምን ትሆናለህ?»፣ «ትንሽ ልጅ ነህ እንዴ?»፣ «እናትህን ትፈራለህ?» የክበባችሁ ልጆች ይህን በአጭር ተውኔት ይሥሩት፤ ግን እንደ ተለመደው ድራማ ዋናው ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ አይሙት። ትዕይንቱን ግብዣው ላይ ያቁሙትና «አሁን ምን ይበል?» ብለው ለተመልካቹ ይስጡት። ከተማሪው የሚመጡ መልሶች ከእኛ ይሻላሉ። «ነገ ጠዋት ከእናቴ ጋር መንገድ አለብን»፣ «እኔ ላስጠናችሁ እንጂ አልቅምም»፣ አንዳንዴም ሳቅ ብሎ ወሬ መቀየር። ቃሉን በአፉ ያልተለማመደ ልጅ በዕለቱ አያገኘውም። ይህን መሰል የሕይወት ክህሎት ሥልጠና በተከታታይ ሳምንታት ሲሰጥ ውጤት ካሳዩት ጥቂት የትምህርት ቤት ዘዴዎች አንዱ ነው። በአንድ ቀን ሲሰጥ ግን ከንግግር አይለይም።

ወላጆችን ስታገኙ ስለ መጀመሪያው የመጠጥ ጉንጭ ይንገሯቸው። በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከ15 ዓመት በፊት አልኮል መጠጣት ከጀመሩት ከ10 ሰዎች 4ቱ በሕይወታቸው ውስጥ የአልኮል ጥገኛ ሆነዋል፤ 20 ዓመት ሞልቷቸው ከጀመሩት ግን ከ10 አንዱ ብቻ። ለጥገኝነቱ የዕድሜው ልዩነት ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም ማዘግየት ራሱ ግብ ነው። በበዓል «ከውጭ ከሚለምድ በቤቱ ይቅመስ» የምንለው ነገር ልጁን እንደሚጠብቀው የሚያሳይ ማስረጃም የለም። አባት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ልጁን ጫት እንዲገዛለት አይላከው። ይህን ስል ጎረቤቶቼ ይስቃሉ፤ ግን ብዙ ልጅ ከሻጩ ጋር የተዋወቀው በአባቱ ብር ነው።

አሁን የእኔ ዋና ነገር፦ ሰዓት። ትምህርት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል እንበል። የብዙ ተማሪ እናት ሥራዋ መርካቶ ወይም ሜክሲኮ ነው፤ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ፣ አውቶቡስ ተሰልፋ፣ ቤቷ የምትገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በመሐል ያሉት አራት ሰዓታት የማንም አይደሉም። ቁልፉ በልጁ እጅ፣ ቤቱ ባዶ፣ ከሕንፃው ሥር ያለው ሱቅ ክፍት። በአሮጌው ሰፈር ይህን ክፍተት ጎረቤት ይሸፍነው ነበር፤ ከአራት ኪሎ ወይም ከልደታ ተነሥቶ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የገባ ሰው ግን ፎቁ ላይ ያለውን ጎረቤት ስም የማያውቅበት ጊዜ አለ።

አይስላንድ ይህንን ክፍተት ነው የዘጋችው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባለፈው ወር ሰክረናል ያሉ የ15 እና 16 ዓመት ታዳጊዎች 42 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5 በመቶ ወረዱ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 ወደ 3 በመቶ ዝቅ አሉ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፦ ታዳጊዎቹን በየጊዜው መጠየቅ፣ ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ስፖርትና ጥበብ ማዘጋጀት፣ ወላጆች እርስ በርስ እንዲተዋወቁና ስለ ማምሻ ሰዓት እንዲስማሙ ማድረግ። ሀብታም አገር ናት፤ ገንዘባቸውን መቅዳት አንችልም። የወላጆቹን ስምምነት ግን መቅዳት እንችላለን፤ እንዲያውም እኛ እድር አለን። የብሎኩ እድር ወይም የነዋሪዎች ኮሚቴ ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበስብ አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚውል ማን ነው? ጡረታ የወጡ አባት፣ እቤት የምትሠራ ልብስ ሰፊ፣ አራስ። እነሱ ፖሊስ አይሁኑ፤ የልጆቹን ስም ይወቁ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይበሉ። በር ላይ የምትቀመጥ አንዲት እናት ስሙን ጠርታ ሰላም የምትለው ልጅ ሺሻ ወደሚጨስበት ክፍል ሲገባ እግሩ ይከብደዋል።

ስለ ሱቆቹ አጭር መልስ ልስጥ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራና አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻንም ከልክሏል። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ወደ ወረዳችሁ ስትሄዱ አዋጁን ጠቅሳችሁ ሂዱ። ጫት ግን በዚህ አዋጅ እንደ እነሱ የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠለትም፤ «ለተማሪ አትሽጥ» የሚለው ነገር በአብዛኛው በድርድር የሚገኝ ነው። በየጊዜው በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ አዋኪ ቤቶች ታሸጉ ሲባል እንሰማለን፤ ከወር በኋላ ቀጣዩ ቅያስ ውስጥ ይከፈታሉ። ሻጩን ስሙን ጠርተው የሚያነጋግሩት የእድር ዳኛ ከእሽጉ ይበልጥ ይቆያሉ ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የሽንት ምርመራው ነው። በገበያ ላይ ያሉት የተለመዱ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ካናቢስን፣ ሄሮይንና ሞርፊንን፣ ኮኬይንን፣ አምፌታሚንን ነው። እናንተን ያስጨነቁት ጫት፣ አልኮልና ማስቲሽ ናቸው። ካቲኖን በአብዛኛው በእነዚህ አይያዝም፤ አልኮል በሰዓታት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል፤ ማስቲሽን ጭራሽ አያዩትም፤ ትራማዶልም ለሞርፊን በተሠራው መመርመሪያ አይታይም። በተቃራኒው የጉንፋን መድኃኒት የወሰደ ንጹሕ ልጅ አምፌታሚን ተገኘበት ሊባል ይችላል። ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ማን ይመልስለታል? በዘፈቀደ መመርመር አጠቃቀምን ይቀንሳል የሚል አሳማኝ ማስረጃም የለም።

ስለዚህ ለመመርመሪያ የታሰበውን ብር ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋና ለዘበኛው የትርፍ ሰዓት ይክፈሉት። ቤተ መጻሕፍቱና ሜዳው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ይሁኑ፤ ከመምህራንም በየተራ አንድ ሰው ይቆይ። በጥቅምት ተጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቢሆን እንኳ በቂ ጅማሬ ነው። ለሰኔ 19 የግድ የሆነ ነገር ይደረግ ካሉም በተረፈው ብር ተውኔቱን ለሠሩት ልጆች ሻይና ብስኩት ይግዙላቸው።